ሶዲየምና ሜርኩሪ ለምን በየራሳቸው ቀለም ያበራሉ? ብዙ ኤሌክትሮን ያላቸው አቶሞች የሚመጥጡትንና የሚለቁትን ብርሃን ደረጃ በደረጃ ማስላት

የገበታ ጨው በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ሲበተን ነበልባሉ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው የሚመጣው በጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም ሲሆን፣ በጥሩ ስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ በሚለያይ መሣሪያ) ሲታይ በዋናነት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ሆኖ ይገኛል፤ የአንደኛው የሞገድ ርዝመት 589.0 ናኖሜትር፣ የሌላኛው ደግሞ 589.6 ናኖሜትር ነው። የሃይድሮጅንን መስመሮች በቦር ቀመር (የኤሌክትሮኑን ኃይል ከሼሉ ቁጥር ብቻ በሚያሰላው ቀመር) ማስላት የቻለ ተማሪ ያንኑ ቀመር ይዞ ወደ ሶዲየም ሲሻገር ግን መንገዱ ይዘጋበታል፤ ቀመሩ ለእነዚህ ሁለት መስመሮች የሚቀርብ ቁጥር እንኳ አይሰጠውም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን መንገድ ለመክፈት ነው። መመሪያው የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ብዙ ኤሌክትሮን ባለው አቶም ውስጥ የኤሌክትሮን ኃይል የሚወሰነው በሼሉ (በሚገኝበት ንብርብር) ቁጥር ብቻ ሳይሆን በኦርቢታሉ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ሊገኝ በሚችልበት ክልል፣ ቅርጽም ጭምር ነው። ይህን በደንብ የተረዳ ሰው ካልኩሌተር፣ ወረቀትና ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይዞ ብዙ ርቀት መሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር ሃይድሮጅንን አዮን ለማድረግ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ለማላቀቅ፣ የሚያስፈልገው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (ለአቶሞች የሚያገለግል የኃይል መለኪያ አሃድ) ነው። ሁለተኛው 1240 ነው፤ ይህ ቁጥር በኤሌክትሮን ቮልት ለተገለጸ ኃይል ሲካፈል የፎቶኑን (የብርሃን ቅንጣቱን) የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር ይሰጣል።

ሥራውን በሶዲየም መጀመር ይሻላል። ብረትን የመሰሉ አቶሞች በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ስላሏቸው በእነርሱ የጀመረ ሰው ሥርዓቱን ሳያይ በቁጥር ይዋጣል፤ ሶዲየም ግን ከሞሉት ሼሎች ውጭ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው ሁሉም ነገር ገሃድ ሆኖ ይታይበታል።

ደረጃ 1፦ የኤሌክትሮኖቹን አቀማመጥ ይጻፉ፣ የውጨኛውንም ይለዩ

ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት። አቀማመጣቸው 1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ¹ ተብሎ ይጻፋል፤ ከፊደሉ በፊት ያለው አሃዝ የሼሉን ቁጥር፣ ፊደሉ የኦርቢታሉን ቅርጽ፣ ከላይ ያለው ትንሽ አሃዝ ደግሞ በዚያ ቦታ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት ያመለክታል። ኤስ፣ ፒ፣ ዲ እና ኤፍ የሚባሉት ቅርጾች ኤል የተባለው የኳንተም ቁጥር በቅደም ተከተል 0፣ 1፣ 2 እና 3 ሲሆን የሚገኙ ናቸው፤ ይህ ቁጥር በደረጃ 5 ላይ ስለሚያስፈልግ ከአሁኑ ይያዙት።

ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ያስቀመጠው ሕግ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት የኳንተም ቁጥሮችን ይዘው እንዳይገኙ ይከለክላል። ስለዚህ አሥሩ የውስጥ ኤሌክትሮኖች የታችኞቹን ቦታዎች ሞልተው ይዘዋል፤ ከእነርሱ አንዱን ለማንሳት ቢያንስ 30 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ዓይን የሚያየው ብርሃን ፎቶኖች ኃይል ግን በግምት ከ1.7 እስከ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በመሆኑ የውስጦቹን አይነቀንቃቸውም። ብርሃኑን የሚመጥጠውና የሚለቀው 3ኤስ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ኤሌክትሮን ነው።

ደረጃ 2፦ 3ኤስ፣ 3ፒ እና 3ዲ ለምን እንደሚለያዩ ይረዱ

በሃይድሮጅን ውስጥ ኤሌክትሮኑ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚስበውም ፕሮቶኑ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የ3ኤስ፣ የ3ፒ እና የ3ዲ ኃይል እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ልዩነቶች በስተቀር እኩል ሲሆን መጠኑም −1.51 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ጋር የታሰረ መሆኑንና ለመላቀቅ ያን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልገው ይናገራል። በሶዲየም ላይም ይኸው እኩልነት ቢጸና ኖሮ ከ3ፒ ወደ 3ኤስ የሚወርድ ኤሌክትሮን የሚለቀው ትርፍ ኃይል ስለማይኖረው ቢጫው ብርሃን ጨርሶ ባልኖረ ነበር።

እኩልነቱን የሚያፈርሱት የውስጥ ኤሌክትሮኖች ናቸው። የሶዲየም ኒውክለስ 11 አዎንታዊ ቻርጅ አለው፤ አሥሩ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ደግሞ በዙሪያው ሆነው ይከልሉታል። ከእነርሱ ርቆ በውጭ በኩል የሚገኝ ኤሌክትሮን የሚሰማው ስበት የ11 እና የ10 ልዩነት ስለሆነ የአንድ ፕሮቶን ያህል ብቻ ነው፤ ለእርሱ አቶሙ ሃይድሮጅንን ይመስላል። ከለላውን አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሮን ግን ከኋላው የቀሩት የውስጥ ኤሌክትሮኖች ስለማይከልሉት የኒውክለሱን ጠንካራ ስበት በቀጥታ ይቀምሳል፣ ኃይሉም ዝቅ ይላል።

ታዲያ የትኛው ነው ወደ ውስጥ የሚገባው? መልሱ በኦርቢታሉ ቅርጽ ውስጥ ይገኛል። የኤስ ኦርቢታል የዙረት ሞመንተም (የመዞር እንቅስቃሴ መጠን) ስለሌለው ኤሌክትሮኑ እስከ ኒውክለሱ ድረስ የመገኘት ዕድል አለው። ፒ መጠነኛ የዙረት ሞመንተም ስላለው ከኒውክለሱ አካባቢ ይገፋል፣ ሆኖም የተወሰነው ክፍሉ ከከለላው ውስጥ ይዘልቃል። ዲ ይበልጥ ስለሚገፋ በሶዲየም ላይ ከውጭ እንደቀረ ይኖራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ 3ኤስ ከሁሉም በታች፣ 3ፒ ከመካከል፣ 3ዲ ከላይ ይሆናል፤ የተለካው ኃይላቸውም −5.14፣ −3.04 እና −1.52 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ከሃይድሮጅኑ −1.51 ጋር ያስተያዩት። 3ዲ ላይ ያለው ኤሌክትሮን አሥሩን ኤሌክትሮኖችና ኒውክለሱን እንደ አንድ ፕሮቶን ቆጥሯቸዋል ማለት ይቻላል፤ 3ኤስ ላይ ያለው ደግሞ ከዚያ በሦስት እጥፍ በበለጠ ኃይል ታስሯል። ሁለቱም ግን የአንዱ ሦስተኛ ሼል አካላት ናቸው።

ደረጃ 3፦ የሃይድሮጅንን ቀመር በአንድ እርማት ያስተካክሉ

ከለላውንና ዘልቆ መግባቱን ከመሠረቱ ማስላት ከባድ ሥራ ነው፤ የሁሉም ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ መገፋፋት አንድ ላይ መታየት ስላለበት በኮምፒውተር በግምት እንጂ በወረቀት ላይ በአጭር ቀመር አይፈታም። አንድ የውጭ ኤሌክትሮን ላላቸው አቶሞች ግን ከሙከራ የተገኘ ቀላል ዘዴ አለ። የሼሉን ቁጥር እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ ኳንተም ዲፌክት የሚባል ቁጥር ከላዩ ይቀነሳል፦

ኃይል = −13.6 ÷ (የሼል ቁጥር − ኳንተም ዲፌክት)²

ኳንተም ዲፌክቱ ለኤስ አንድ፣ ለፒ ሌላ፣ ለዲ ደግሞ ሌላ ቁጥር ሲሆን፣ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ግን ሼሉ ቢቀያየርም ብዙ አይለዋወጥም። የዘዴው ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከአንድ ልኬት ከተገኘ ሌሎቹን እርከኖች (ኤሌክትሮኑ ሊይዛቸው የሚችላቸውን የኃይል ደረጃዎች) ለመተንበይ ያገለግላል።

ለኤስ እንዲህ ያስሉ። ሶዲየምን አዮን ለማድረግ የሚያስፈልገው 5.139 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህም የ3ኤስ ጥልቀት ነው። 13.606ን ለ5.139 ሲያካፍሉ 2.648፣ የዚህም ስኩዌር ሩት 1.627 ይሆናል። ከ3 ላይ 1.627 ሲቀነስ ኳንተም ዲፌክቱ 1.373 ይወጣል። አሁን በዚሁ ቁጥር 4ኤስን ይተንብዩ፦ 4 − 1.373 = 2.627 ሲሆን ስኩዌሩ 6.90 ስለሆነ ኃይሉ −1.97 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። በሙከራ የተለካው −1.95 ነው። ባለ 11 ኤሌክትሮን አቶምን በሁለት መስመር ስሌት አንድ በመቶ ያህል ብቻ በሆነ ስሕተት መተንበይ መቻሉ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው።

ለፒ መነሻው ቢጫው ብርሃን ራሱ ነው። የሁለቱ መስመሮች አማካይ 589.3 ስለሆነ 1240 ÷ 589.3 = 2.104 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ ስለዚህ 3ፒ ከ3ኤስ በዚህ መጠን ከፍ ብሎ በ−3.035 ላይ ይገኛል። በላይኛው ስልት ሲሰላ ኳንተም ዲፌክቱ 0.883 ይሆናል። ለዲ የሚገኘው ደግሞ 0.01 ገደማ ብቻ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች 1.37፣ 0.88 እና 0.01 ተራ በተራ ሲታዩ በደረጃ 2 በቃል የተነገረው ዘልቆ የመግባት መጠን በቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

ደረጃ 4፦ የእርከኖቹን ሥዕል ይሣሉ

በወረቀት ላይ ሦስት ዓምዶች አዘጋጅተው ኤስ፣ ፒ እና ዲ ብለው ይሰይሟቸው። በግራ በኩል ከ0 እስከ −5.5 ኤሌክትሮን ቮልት የሚወርድ መለኪያ ይሣሉና እያንዳንዱን እርከን በየዓምዱ በአግድም መስመር ያስቀምጡ፦ 3ኤስ በ−5.14፣ 3ፒ በ−3.04፣ 4ኤስ በ−1.95፣ 3ዲ በ−1.52፣ 4ፒ በ−1.39። ሥዕሉን መሣል ብዙዎች የሚዘልሉት ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ደረጃ በሙሉ የሚካሄደው በዚህ ሥዕል ላይ ስለሆነ ጊዜ ቢወሰድበት አይቆጭም። እርከኖቹን በአንድ ዓምድ ደራርቦ የሣለ ሰው የትኛው ዝላይ እንደሚፈቀድ ለማየት ይቸገራል።

ደረጃ 5፦ የተፈቀዱትን ዝላዮች ብቻ ይምረጡ

ሁለት እርከኖች ሁልጊዜ በብርሃን ይገናኛሉ ማለት አይደለም። ፎቶን ሲመጠጥም ሆነ ሲለቀቅ አንድ አሃድ የዙረት ሞመንተም ይዞ ስለሚሄድ፣ በተለመደው ጠንካራ ሽግግር የኤሌክትሮኑ ኤል በአንድ መጨመር ወይም በአንድ መቀነስ አለበት። በሥዕሉ ላይ ይህ ማለት ቀስቱ ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ዓምድ መሻገር አለበት ማለት ነው፤ ከኤስ ወደ ኤስ፣ ከፒ ወደ ፒ ወይም ከዲ ወደ ኤስ በቀጥታ አይኬድም።

ሕጉን በቁጥር ይፈትሹት። 4ኤስ ከ3ኤስ በ3.19 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ስለሚል በቀጥታ ቢወርድ 389 ናኖሜትር አካባቢ መስመር በታየ ነበር፤ በነበልባሉ ስፔክትረም ውስጥ ግን ይህ መስመር አይገኝም። ኤሌክትሮኑ የሚወርደው በሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ከ4ኤስ ወደ 3ፒ ሲወርድ በኢንፍራሬድ ክልል 1140 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ፎቶን ይለቃል፣ ቀጥሎ ከ3ፒ ወደ 3ኤስ ሲወርድ ቢጫውን ይሰጣል። ከ3ዲ የሚነሳውም እንዲሁ መጀመሪያ 3ፒ ላይ ያርፋል። የእርሱን ስሌት ሠርተው ይመልከቱ፦ 3.035 − 1.521 = 1.514፤ 1240 ÷ 1.514 = 819 ናኖሜትር። የተለኩት መስመሮች 818.3 እና 819.5 ናቸው።

ብዙዎቹ መንገዶች በ3ፒ በኩል የሚያልፉ መሆናቸው ቢጫው ሌሎቹን መስመሮች ውጦ እንዲታይ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሌላው ምክንያት 3ፒ ከመነሻው እርከን ከ3ኤስ ቀጥሎ ያለ ዝቅተኛ እርከን በመሆኑ የነበልባሉ ሙቀት ከሌሎቹ ይልቅ እርሱን በቀላሉ መሙላት መቻሉ ነው።

አሁን አንድ ያልታየ መስመር ይተንብዩ። በኳንተም ዲፌክት 0.883 የ4ፒ ኃይል −1.40 ይሆናል፤ ከ3ኤስ ያለው ርቀት 3.74 ስለሆነ የሞገድ ርዝመቱ 332 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል። እውነተኞቹ መስመሮች በአልትራቫዮሌት ክልል በ330.2 እና በ330.3 ናኖሜትር ላይ ይገኛሉ።

ደረጃ 6፦ መስመሩ ለምን ሁለት እንደሆነ በስፒን ያስረዱ

እስካሁን ባለው ስሌት ቢጫው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሁለት የሚያደርገው ስፒን ነው። ኤሌክትሮን በተፈጥሮው ግማሽ አሃድ የሆነ የራሱ የዙረት ሞመንተምና እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያስቆጥረው ጠባይ አለው፤ በኒውክለሱ ዙሪያ በሚኖረው እንቅስቃሴ ምክንያትም መግነጢሳዊ መስክ ይሰማዋል። ስፒኑ ከዙረቱ ጋር ሲተባበርና ሲቃረን ኃይሉ በጥቂቱ ይለያያል። በፒ ላይ ድምሩ፣ ማለትም ጄ የሚባለው ቁጥር፣ 1 ሲደመር ግማሽ ወይም 1 ሲቀነስ ግማሽ ስለሚሆን 3ፒ ለሁለት ይከፈላል፤ በኤስ ላይ ግን የዙረት ሞመንተሙ ዜሮ ስለሆነ 3ኤስ አንድ ሆኖ ይቀራል። በሶዲየም የሁለቱ የ3ፒ እርከኖች ልዩነት 0.0021 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሲሆን 0.6 ናኖሜትር የሚለያዩትን ሁለት መስመሮች የሚሰጠው ይህ ነው። ከፍ ያለ ጄ ያለው 4 የኳንተም ሁኔታዎች፣ ዝቅ ያለው ደግሞ 2 ስላሉት፣ ትነቱ ስስ በሆነበት ሁኔታ የ589.0 መስመር ከ589.6 መስመር ሁለት እጥፍ ይደምቃል።

የኒውክለሱ ቻርጅ ሲጨምር ክፍፍሉ ይሰፋል። በፖታሲየም መስመሮቹ 766.5 እና 769.9፣ በሩቢዲየም 780.0 እና 794.8፣ በሲዝየም 852.1 እና 894.3 ናኖሜትር ናቸው። ከሶዲየም ከ1 ናኖሜትር ያነሰ ልዩነት ተነስቶ በሲዝየም 42 ናኖሜትር መድረሱ ስፒን በከባድ አቶሞች ላይ ችላ ሊባል የማይችል መሆኑን ያሳያል፤ ይህ ነጥብ ወደ ሜርኩሪ ስንደርስ ወሳኝ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ መምጠጥንና መልቀቅን ለየብቻ ያስሉ

በዚህ ርዕስ ላይ በብዛት የሚሰማው አነጋገር አቶም የሚመጥጠውን ብርሃን መልሶ ይለቃል የሚል ነው። አነጋገሩ ለአንድ ዝላይ ትክክል ነው፤ ስለ ስፔክትረሙ በሙሉ ሲነገር ግን ያሳስታል። አቶም ሊመጥጥ የሚችለው ኤሌክትሮኑ አሁን ካለበት እርከን በመነሳት ብቻ ስለሆነ፣ ማስላት የሚያስፈልገው በየእርከኑ ስንት አቶም እንዳለ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በላይኛው እርከን ያሉት አቶሞች በታችኛው ካሉት ጋር ያላቸው ሬሾ የኳንተም ሁኔታዎቻቸው ሬሾ ሲባዛ በ2.718 ፓወር −(የኃይል ልዩነት ÷ ኬቲ) ነው። ኬቲ የሚባለው የሙቀቱ ኃይል ሲሆን በ2000 ኬልቪን ነበልባል ውስጥ 0.172 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ለሶዲየም 2.104 ÷ 0.172 = 12.2፤ የሁኔታዎቹ ሬሾ 6 ለ2 ወይም 3 ስለሆነ ውጤቱ 0.000015 አካባቢ ይወጣል። ከአንድ ሚሊዮን የሶዲየም አቶሞች መካከል በአንድ ቅጽበት 3ፒ ላይ የሚገኙት 15 ያህሉ ብቻ ናቸው ማለት ነው። እነዚያ ጥቂቶች በአማካይ በ16 ናኖሰከንድ ውስጥ ፎቶናቸውን ለቅቀው ስለሚወርዱና ሌሎች ስለሚተኳቸው ነበልባሉ ያለማቋረጥ ያበራል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ነጭ ብርሃን በቀዝቃዛ የሶዲየም ትነት ውስጥ ሲያልፍ ጥቁር መስመሮች የሚታዩት ከ3ኤስ በሚነሱት ዝላዮች ላይ ብቻ ነው፦ በ589፣ በ330፣ እና እየተቀራረቡ ሄደው 241 ናኖሜትር ላይ በሚያበቁት። ኤሌክትሮኑ በዚያ ወሰን ላይ ከአቶሙ ተላቅቆ ይወጣል። የ819 መስመር በቀዝቃዛ ትነት ውስጥ እንደ ጥቁር መስመር አይታይም፤ መነሻው የሆነው 3ፒ ባዶ ነውና። በፀሐይ ገጽ ላይ ግን ሙቀቱ ወደ 5800 ኬልቪን ስለሚጠጋ፣ 3ኤስ ላይ ላሉ 100 የሶዲየም አቶሞች 4 ያህል በ3ፒ ላይ ይገኛሉ፤ ስለዚህ በፀሐይ ስፔክትረም ውስጥ በ819 አካባቢም ጥቁር መስመር ይገኛል። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ጥቁር መስመሮች መዝግቦ ሁለቱን ቢጫዎች ዲ ብሎ ሰይሟቸው ነበር፤ ጉስታቭ ኪርኾፍና ሮበርት ቡንዘን ደግሞ በ1859 በሃይደልበርግ ባደረጉት ሥራ እነዚያ መስመሮች የሶዲየም መሆናቸውን አረጋገጡ።

የተመጠጠው ብርሃን ተመልሶ የሚለቀቅ ከሆነ ጥቁሩ መስመር ለምን አይሞላም የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ብርሃኑ የተመጠጠው ወደ ተመልካቹ ይመጣ ከነበረው ጨረር ሲሆን፣ የሚለቀቀው ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሆነ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው ትንሽ ነው። በተጨማሪም የተነቃቃው አቶም ከሌላ ቅንጣት ጋር ተጋጭቶ ኃይሉን በሙቀት መልክ ሊያጣው ይችላል።

ሁለተኛው ውጤት ለላቦራቶሪ ሥራ ይጠቅማል። ዚንክ 213.9 ናኖሜትር ላይ ያለውን ብርሃን ለመልቀቅ ኤሌክትሮኑ 5.80 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ስሌቱን በ2000 ኬልቪን ሲሠሩት ሬሾው በ10⁻¹⁴ ወሰን ውስጥ ይወጣል፤ ነበልባሉ የዚንክን ብርሃን አይለቅም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አቶሞቹ በሙሉ ማለት ይቻላል መነሻው እርከን ላይ ስለሆኑ ያንኑ ብርሃን ከውጭ ሲያገኙ አጥብቀው ይመጥጡታል። በውኃና በአፈር ውስጥ ያለ ዚንክ በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ ከዚንክ የተሠራ መብራት ትክክለኛውን የሞገድ ርዝመት ይልካል፣ በነበልባሉ ውስጥ ያሉት አቶሞች ደግሞ እንደ ብዛታቸው ይቀንሱታል።

ደረጃ 8፦ ሁለት የውጭ ኤሌክትሮኖች ሲኖሩ ስፒኖቻቸውን ይደምሩ

ሜርኩሪ 80 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት የውጨኞቹ 6ኤስ² ናቸው። አንዱ ወደ 6ፒ ሲወጣ ሁለቱ ስፒኖች ወይ ተቃርነው ድምራቸው 0 ይሆናል፣ ወይ ተባብረው 1 ይሆናል። የመጀመሪያው ሲንግሌት፣ ሁለተኛው ትሪፕሌት ይባላል። ስፒኖቹ በሚተባበሩበት ጊዜ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ይበልጥ ስለሚራራቁ መገፋፋታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትሪፕሌቱ ከሲንግሌቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ትሪፕሌቱ ራሱ እንደ ጄ ቁጥሩ በሦስት ይከፈላል። ከመነሻው እርከን በላይ ያላቸው ከፍታ ጄ 0 ለሆነው 4.667፣ ጄ 1 ለሆነው 4.886፣ ጄ 2 ለሆነው 5.461 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ሲንግሌቱ 6.70 ላይ ይገኛል።

ለዚህ ደረጃ ሁለት ተጨማሪ ሕጎች ይያዙ። ጄ ባለበት ይቆያል ወይም በ1 ይለወጣል፣ ከ0 ወደ 0 ግን ፈጽሞ አይሄድም። ጠቅላላ ስፒን ደግሞ አይለወጥም። የመነሻው እርከን ጄ 0፣ ስፒኑም 0 ስለሆነ በሁለተኛው ሕግ መሠረት ከትሪፕሌቱ የሚወርድ መስመር መኖር አልነበረበትም። ሆኖም እንደ ሜርኩሪ ባለ ከባድ አቶም ውስጥ በደረጃ 6 የታየው የስፒንና የዙረት መተሳሰር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ጄ 1 ያለው ትሪፕሌትና ሲንግሌቱ በጥቂቱ ይቀላቀላሉ፤ ሕጉም ይላላል። 1240 ÷ 4.886 = 253.8፤ ትክክለኛው መስመር በ253.7 ናኖሜትር ላይ ይገኛል። የፍሎረሰንት መብራት ሥራ የቆመው በዚህ አልትራቫዮሌት ላይ ነው፦ በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት ይለቀዋል፣ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ነጭ ዱቄት መጥጦ በሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ኸርትዝ በ1914 ኤሌክትሮኖችን በሜርኩሪ ትነት ውስጥ ሲያሳልፉ ኃይላቸውን በ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት እርምጃ ሲያጡ ያገኙትም ይህንኑ እርከን ነበር። ጄ 0 እና ጄ 2 ያላቸው ትሪፕሌቶች ግን ሁለቱም ሕጎች ስለሚከለክሏቸው በብርሃን መውረድ በእጅጉ ይቸግራቸዋል፣ ኃይላቸውንም ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

በሚታየው ክልል ያሉትን መስመሮች ለማግኘት ወደ 7ኤስ የወጣውን ትሪፕሌት ይውሰዱ፤ ከፍታው 7.730 ሲሆን ወደ ሦስቱም የ6ፒ እርከኖች መውረድ ይፈቀድለታል። ልዩነቶቹ 3.063፣ 2.844 እና 2.269 ስለሆኑ የሞገድ ርዝመቶቹ 405፣ 436 እና 546 ናኖሜትር ይሆናሉ። እነዚህ የሜርኩሪ ቫዮሌት፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመሮች ናቸው።

ሂሊየም በዚሁ መንገድ ይሰላል፣ ነገር ግን ቀላል አቶም ስለሆነ ሲንግሌቱና ትሪፕሌቱ አይቀላቀሉም ማለት ይቻላል፤ ስፔክትረሙም ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ያሉ እስኪመስል ድረስ ለሁለት ይከፈላል። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ታይቶ የአዲስ ንጥረ ነገር ምልክት የሆነው የ587.6 ናኖሜትር ቢጫ መስመር የትሪፕሌቶቹ ነው።

ደረጃ 9፦ የውስጥ ኤሌክትሮን ከተነቀለ ወደ ኤክስሬይ ይሻገሩ

በከፍተኛ ኃይል የ1ኤስ ኤሌክትሮን ከተነቀለ ከ2ፒ አንዱ ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል። ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 እንዳሳየው የሚለቀቀው ኃይል 10.2 ሲባዛ በ(አቶሚክ ቁጥር − 1)² ይገመታል፤ አንዱ የሚቀነሰው 1ኤስ ላይ በቀረው ኤሌክትሮን ከለላ ምክንያት ነው። ለመዳብ 10.2 × 28² = 7997 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን የተለካው 8050 ገደማ ነው። እዚህ ላይ የውጨኞቹ ኤሌክትሮኖች ሚና አነስተኛ በመሆኑ መዳቡ በብረታ ብረትነትም ሆነ በውሕድ ውስጥ ቢሆን መስመሩ ብዙ አይለወጥም።

ደረጃ 10፦ ስሌቱን በዓይን ያረጋግጡ

የሜርኩሪን መስመሮች ለማየት የቆየ ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት አምፖል፣ ካርቶንና ሲዲ ይበቃሉ። አምፖሉን በጨለማ ክፍል አብርተው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቀጭን ክፍተት ባለው ካርቶን ይሸፍኑት፤ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ሆነው በክፍተቱ የሚመጣው ብርሃን ሲዲው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉና ነጸብራቁን እያዘነበሉ ይመልከቱ። በሲዲ ላይ ያሉት ጭረቶች በ1.6 ማይክሮሜትር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ብርሃኑ ሲዲውን ቀጥ ብሎ ሲመታው የ436 መስመር በ16 ዲግሪ፣ የ546 መስመር ደግሞ በ20 ዲግሪ አካባቢ ይመለሳል። ሰማያዊው መስመር ተነጥሎ ስለሚታይ መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ። 611 ናኖሜትር አካባቢ የሚታየው ቀይ ግን ከሜርኩሪ የመጣ አይደለም፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ዩሮፒየም የሚለቀው ነው። አረንጓዴው አጠገብም ከቴርቢየም የሚመጣ ብርሃን ስላለ መስመሩ ወፈር ብሎ ሊታይ ይችላል። በኤልኢዲ አምፖል ቢሞክሩት ቀለማቱ ተያይዘው እንደ መቀነት ይዘረጋሉ እንጂ በመስመር አይለያዩም። ፀሐይን በሲዲ ነጸብራቅ መመልከት ዓይንን ስለሚጎዳ አይሞከርም፤ የተሰበረ አምፖልም ሜርኩሪ ስላለበት መስኮት ከፍቶ በጥንቃቄ ማስወገድ ያስፈልጋል።

በስሌቱና በልኬቱ መካከል ከሁለት በመቶ የበለጠ ልዩነት ከተገኘ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ቀስቱ ወደ ጎረቤት ዓምድ መሻገሩ ነው። ቀጥሎ ለኤስ የተገኘው ኳንተም ዲፌክት በስሕተት ለፒ እንዳልዋለ ይታያል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ መስመሩ የሌላ ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሶዲየም በጥቂቱም ቢሆን በየቦታው ስለሚገኝ በማንኛውም ነበልባል ውስጥ በ589 የሚታየው ቢጫ ከናሙናው መምጣቱ ሳይረጋገጥ አይመዘገብም።